የሚሞቅ ወለል

እናቴ ከቤቴ የወጣችው በወለሉ ምክንያት ነው። ቢያንስ እሷ ያለችው እንደዚያ ነው። «ወለሉ ቀዘቀዘኝ፣ ልጄ» አለችኝ ነጠላዋን እያጣፋች። ወንድሜ ሀብተ ማርያም ሻንጣዋን አንጠልጥሎ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል። እኔም አመንኳት። ለምን አላምናትም? ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ዕጣ ወጥቶልን ስንረከበው እንደነበረ ነው ያለው። ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ ነው፤ ሳሎኑ ላይ ብቻ የፕላስቲክ ምንጣፍ ጣል ተደርጎበታል። የእሷ ክፍል ምንጣፉም አልደረሰውም። ብርዱ ከተረከዝ ተነሥቶ ጉልበት ድረስ ይወጣል።

ስለዚህ ላሚኔት ላስነጥፍ ቆረጥኩ። አንድ ነገር ከቆረጥኩ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ እኔም አልቀመጥም፣ ሰውም አላስቀምጥም። ባሌ ሙሌ «ዕፀገነት ነገር ከያዘች ቤቱ ውስጥ ዝንብ እንኳን አያርፍም» ይላል። ይበል። የእሱ እናት ሰበታ በራሷ ግቢ ዶሮ እያረባች ነው የምትኖረው፤ የእኔ ነገር አይገባውም።

የእኔ እናት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተወልዳ፣ ጠመንጃ ያዥ ተድራ፣ ጠመንጃ ያዥ ወልዳ ያሳደገች ሴት ናት። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ የእሷም ጭቃ ቤት አብሮ ፈረሰና እኛ ጋ መጣች። ከቤቴ እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን በእሷ እርምጃ እንኳን ሩቅ አይደለም። የማኅበር ጓደኞቿም ግማሾቹ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየልጆቻቸው ቤት ናቸው። ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? እሷ ግን ክረምቱን ከእኛ ጋር ካሳለፈች በኋላ፣ በዚያ ሁሉ የጥር ፀሐይ «ቀዘቀዘኝ» ብላ ከተማው ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሀብተ ማርያም ጋ ሄደች። እዚያ የምታውቀው ሰው የለም። በር ላይ ቁጭ ብላ አቧራ ታያለች። በየጠዋቱ ትደውልልኝና «ዛሬ ልደታ ኪዳን ደረሰ?» ትለኛለች፣ ታክሲ ለመያዝ የምሮጠው እኔ ኪዳን መድረሱን የማውቅ ይመስል።

ሀብተ ማርያም ባይኖር ይህን ያህል ባልቸኮልኩ። እሱ ግን ግቢው ውስጥ ለእሷ አንድ ክፍል ሊሠራ ድንጋይ አስጭኖ አራገፈ። እናቴን አውቃታለሁ። ክፍሉ አንዴ ከቆመ «ልጄ ለእኔ ብሎ ደክሞ» ትልና፣ ቢከፋትም ባይከፋትም ከዚያ ንቅንቅ አትልም። በይሉኝታ ታስራ እዚያው ታረጃለች፣ እዚያው ትሞትብኛለች። ስለዚህ ለራሴ ቀን ቆረጥኩ። መሠረቱ ሳይቆፈር፣ ለግንቦት ልደታ እናቴ እዚህ ሞቃት ወለል ላይ ትቆማለች አልኩ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የወለልና የበር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ከሥራ እየወጣሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ስገባ ስወጣ ሰነበትኩ። ላሚኔት ከሩቅ ሲያዩት እንጨት ነው፤ ቀረብ ሲሉት የእንጨት ፎቶግራፍ ነው። ጥቁር ቡናማ አለ፣ ቀላ ያለ አለ፣ አመድማ አለ፣ ነጭ ለመሆን ትንሽ የቀረው አለ። የሚያብለጨልጭና የማያብለጨልጭ፣ ስምንት ሚሊና አሥራ ሁለት ሚሊ። አንዱን መርጬ ስወጣ ያልመረጥኩት ያምረኛል። ተመልሼ ያንን ሳነሣ የፊተኛው በስተጀርባዬ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ቢሮ ተቀምጬ ሰው እያናገረኝ ዓይኔ ወለል ላይ ነው። ባንክ ገብቼ ተራ ስጠብቅ ወለሉን በጫማዬ ጫፍ ስፈትሽ ዘበኛው «ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።

በመጨረሻ ፋይዛ የምትባል ባለሱቅ ጋ ረጋሁ፤ መርጋት ከተባለ። ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ጫማዬን አውልቄ ናሙናዎቹ ላይ በባዶ እግሬ ስቆም አይታ አልሳቀችም።

«የትኛው ነው የሚሞቀው?» አልኳት።

«ከሲሚንቶ ጋር ሲተያይ ሁሉም ይሞቃል። ቤቱ ምድር ነው ፎቅ?»

«አራተኛ ፎቅ።»

«ከታች ሰው አለ?»

«ከታች ሰው የሌለበት ፎቅ የት አለ?»

«እሱማ እሱ ነው። ፎቅ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ይፈልጋል። ወፍራሙ ደግሞ አሁን አልቋል፤ ትንሽ መጠበቅ አለብሽ። አለዚያ ይኼ አለልሽ» ብላ ከጥግ አንድ ስስ፣ ደብዘዝ ያለ ናሙና አወጣች። ከጀርባው ስፖንጅ ተለጥፎበታል። «ርካሽ ነው፣ መልኩም ያን ያህል አይደለም። ግን ድምፅ ይውጣል።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ሙቀት ነው፣ እህቴ።»

ትከሻዋን ሰበቅ አደረገች። ልቤን የወሰደው ሌላ ነበር። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ቀላ ያለ፤ ቼራ ተቀብቶ የተወለወለ የድሮ ጣውላ የሚመስል። ልጅ ሆነን እናቴ የሰው ቤት ለቅሶ ወይም ሠርግ ደርሳ ስትመጣ ስለ ምግቡ አይደለም የምታወራን። «ቤታቸው ጣውላ ነው፤ ፊትሽን ያሳያል» ትለኝ ነበር። የእኛ ወለል አፈር ነበር፤ በኋላ ሲሚንቶ ሆነ። ይህን ቀዩን ሳየው ያ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ፋይዛ አሁንም አልሳቀችም። መታወቂያዬን አስይዤ ናሙናዎቹን ሁሉ ተዋስኳት።

ቤት ወስጄ የእናቴ ክፍል ሲሚንቶ ላይ ደረደርኳቸው። ጠዋት እረግጣቸዋለሁ፣ ማታ እረግጣቸዋለሁ። መብራት አጥፍቼ እረግጣቸዋለሁ፣ አብርቼ እረግጣቸዋለሁ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ ሙሌ፣ በሩን ተደግፎ፣ እኔ ቀዩ ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ። «ለምን እሳቸውን አትጠይቂያቸውም?»

«ምን ብዬ?»

«የትኛውን ይወዳሉ ብለሽ ነዋ። የሚረግጡት እሳቸው ናቸው።»

አንዳንዴ ሳያስበው ቁም ነገር ይናገራል።

እሑድ ናሙናዎቹን በፌስታል ይዤ፣ ታክሲ ቀያይሬ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ድንጋዩ በሩ አጠገብ ተከምሯል። ሳየው ደሜ ፈላ። ሀብተ ማርያም «ከግንቦት ልደታ ማግስት መሠረቱን እናወጣለን» አለኝ ደስ ብሎት፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ለእናቱ ያስባል፤ በዚያ ሰዓት ግን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ከስታለች። ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝና ወዲያው ስለ ልደታ ጠየቀችኝ፤ ቅኔ ማሕሌቱ ታድሶ አልቋል ወይ፣ የማኅበር ጓደኞቿ እነ እትዬ ሠርካዲስ ደህና ናቸው ወይ። እያንዳንዱ ጥያቄዋ አንጀቴን በላው። ናሙናዎቹን እግሯ ሥር በሰልፍ ደረደርኩላት።

«ለክፍልሽ ነው። ምረጪ።»

«ሁሉም ያምራል።»

«አንዱን ነው ያልኩሽ፣ እማዬ።»

«አንቺ ከወደድሽው...»

«እማዬ!»

ምርኩዟን አነሣች። እግሯን አላሳረፈችባቸውም፣ በመዳፏ አልዳሰሰቻቸውም፣ መልካቸውንም በቅጡ አላየችም። በምርኩዟ ጫፍ አንድ በአንድ ቆረቆረቻቸው፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ። ገበያ ገንቦ ስትገዛ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ገንቦ ሲቆረቁሩት ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል። ልጅ ሆኜ ነጠላዋን ይዤ ስከተላት ያየሁት ነው። ቀዩ «ቋ!» አለ፣ ጥርት ያለ ጤነኛ ድምፅ። ልቤ በደስታ ዘለለ። የፋይዛው ደብዛዛ ግን «ድብ» ብሎ ዝም አለ።

እናቴ ደብዛዛውን በምርኩዟ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ይቺ ትሻላለች።»

«ይቺ? ለምን?»

«እንዲያው ትሻላለች።»

ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ ማለት ይሻላል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ቤት ስትሄድ ሳትበላ «በልቻለሁ» የምትል፣ ሥጋው ፊቷ እያለ ከጎመኑ የምትጎርስ፣ ልብስ ልግዛልሽ ሲሏት የተሰቀለውን ሁሉ አልፋ ጥግ የተጣለውን ርካሽ የምታነሣ ሴት ናት። እኛ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ርካሹን ከመረጠ «ጥሩውን ስጡኝ፣ ግን እኔ አላልኩም» ማለቱ ነው። እናቱ የመረጠችውን ርካሽ ዕቃ እውነት መስሎት የሚገዛላት ልጅ ልጅ አይባልም። እንዲህ ነው ያደግነው።

«እሺ እማዬ» ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። በማግስቱ ቀዩን ገዛሁ።

«ስፖንጁስ? ወፍራሙ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ አይደል?» አለችኝ ፋይዛ።

«ያለውን ስስ ስጪኝ። ጊዜ የለኝም።»

ሊያነጥፍ የመጣው ገዳ የሚባል ሰው እጁ ፈጣን ነው፤ ለእኔ ግን አልፈጠነልኝም። መጋዙ ሲያርፍ «ምነው ቆምክ?» እለዋለሁ፣ ሲጮህ ደግሞ ጆሮዬን ይዤ ወጥቼ ደረጃ ላይ እወርዳለሁ እወጣለሁ። በግድግዳው ግርጌ የሚሄደውን ዞኮሎ መትቶ ሲጨርስ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ፀሐይ ሲገባበት ወለሉ ማር ይመስላል። ሙሌ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ከበር እስከ መስኮት አንዴ ተራመደበት፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ቤታችን እኮ መድረክ ሆነ» አለ እየሳቀ።

«ጫማህን አውልቅ፣ ትቧጭረዋለህ» ብዬ ጮህኩበት። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁትም።

በግንቦት ልደታ ዋዜማ ሀብተ ማርያም እናቴን አምጥቶ በር ላይ አደረሳት። «በዓሉን ትዋልና እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እኔ በልቤ፣ ትመጣለህ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ አልኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይኼ ሁሉ ለእኔ ነው?»

«ላንቺ ነው። ነይ ግቢ፣ ርገጪው።»

ጫማዋን እደጃፉ አወለቀች። ምርኩዟንም ከበሩ ጀርባ አስደግፋ አቆመችው። ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ በጣቶቿ እየቆመች፣ አራስ በተኛችበት ክፍል እንደምታልፍ ሆና ገባች። ወለሉን ላለማቆሸሽ መስሎኝ፣ «ጫማሽን አድርጊ እንጂ፣ የሚጠረግ ነገር ነው» አልኳት።

«ግዴለም።»

«ምርኩዝሽስ? ትወድቂያለሽ።»

«ግድግዳው አለ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጫት ውሃ ላመጣላት ስሮጥ ነፋስ በሩን መታው። ከጀርባው የቆመው ምርኩዝ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቋ! ቤቱ ሁሉ ጮኸ። እናቴ ደነገጠች፤ ያየችው ግን ምርኩዙን አይደለም፣ ወለሉን ነው። «ይቅርታ» አለች ቀስ ብላ። ለእኔ አልነበረም ያለችው። ወደ ታች ነው ያለችው።

ራት ላይ እንጀራውን ቆረስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። «ከነገ ወዲያ ጠዋት ሀብተ ማርያም ይምጣና ይውሰደኝ» አለች።

ሙሌ አቀረቀረ። እኔ እንኳን ላቀረቅር፣ ወንበሩን ገፍትሬ ተነሣሁ። «አሁንም ይቀዘቅዝሻል?»

«አይ፣ ይሞቃል። እንዴት ይሞቃል!»

«ታዲያ?»

የቆረሰችውን እንጀራ በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ታዲያ ምንድን ነው እማዬ? ክፍሉ ነው? ምግቡ ነው? እኔ ነኝ ያስቀየምኩሽ? ተክለ ሃይማኖትን በባዶ እግሬ የዞርኩት ለማን ነው?» እያልኩ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት እመላለሳለሁ። ድምፄ ተሰበረና አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፣ ግን እንባ እንባ ነው።

እናቴ ደግሞ እንባዬን አትችልም። «ኧረ አንቺ አይደለሽም» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በጣቷ ወለሉን ጠቆመች። «ከታች ሰው አለ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሊነጋጋ ሲል ተነሥታ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ ይህንን አውቃለሁ። ቆማ ከደገመች ጉልበቷ ስለሚይዛት ምርኩዟን ይዛ ክፍሏ ውስጥ እየተራመደች ነው የምትደግመው፤ ይህንንም አውቃለሁ። ጠመንጃ ያዥ ከእግሯ በታች ምድር እንጂ ሰው አልነበረም። እኛ ቤት ከመጣች በኋላ ግን አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ቀመሪያ ደረጃው ላይ አገኘቻትና፣ «እማማ፣ ሊነጋጋ ሲል የሚራመዱት እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፈገግ ብላ ነው የጠየቀችኝ» አለች እናቴ። «ጨዋ ሰው ሲከፋው ፈገግ ብሎ ነው የሚናገረው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማዋን አወለቀች። ምርኩዙን ተወችው። በባዶ እግሯ በሲሚንቶው ላይ፣ ግድግዳ እየያዘች ተራመደች። ብርዱ ገባት። «ቀዘቀዘኝ» ያለችኝ ውሸት አልነበረም። ኋላም መራመዱን ተወችና ቁጭ ብላ ብትደግም እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። «ውዳሴዋን ጀምሬ እያንቀላፋሁ እመቤቴን አፈርኳት» አለች። «በስተርጅና ሰው ራስ ላይ ከምሄድ፣ ምድር ቤት ልሂድ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ወርደሽ ትጣያታለሽ። አላውቅሽም?»

እውነቷን ነው፤ እግሬ አስቀድሞ ወደ በሩ ዞሯል። ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ቱሉ ዲምቱ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ። እናቴ የመረጠችው ርካሹን አልነበረም። ዝም ያለውን ነበር የመረጠችው። እኔ ደግሞ ከሱቁ ሁሉ ጯሂውን ለይቼ፣ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ አድርጌ፣ ከበሮ ገዛሁላት። ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ተነሣሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ግንቦት ልደታ ቤት ውስጥ አይበላም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሕንፃችን ሴቶች ንፍሮውንም ዳቦውንም ግቢው ሣር ላይ አወጡት። እናቴ በእነ እትዬ ሠርካዲስ መሐል ተቀምጣ፣ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። ይህን ሳይ ጭራሽ ባሰብኝ። ነገ ይህን ትታ አቧራ ልታይ ነው። ቀመሪያ ማዶ ቆማ ለልጆች ለስላሳ ትከፍታለች። መርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ የእሷ በዓል ባይሆንም በየዓመቱ አንድ ሳጥን ለስላሳ ታወጣለች። ወደ እሷ ልሄድ ተነሣሁ። እናቴ ከተቀመጠችበት የቀሚሴን ጫፍ ያዘች።

«እንዳትናገሪ! በልደታ ቀን!»

ቀሚሴን አስለቅቄ ሄድኩ። ምን እንደምላት አዘጋጅቻለሁ፤ አሮጊት ሴት ከቤቷ አስወጣሽ እላታለሁ። አፌን ሳልከፍት ቀመሪያ በትከሻዬ አሻግራ እናቴን አየቻት። ጠርሙሱን አስጨብጣኝ ሮጠች።

«እማማ! የት ጠፉብኝ?» እያለች ትከሻዋን ደጋግማ ሳመቻት። «ታመሙ ብዬ እኮ ፈራሁ! ልጅዎትን እንዳልጠይቃት፣ እሷ ደረጃው ላይ እንደ ነፋስ ነው የምታልፈኝ።»

ጠርሙሱን ይዤ ቀረሁ።

«እርስዎ እያሉ የሱብሂ ስግደት አምልጦኝ አያውቅም ነበር» አለች ቀመሪያ። «አዛኑን ጆሮዬ ለምዶታል፣ ስልኬን በእንቅልፍ ልቤ አጠፋዋለሁ። የእርስዎ ምርኩዝ ቋ፣ ቋ ሲል ግን እማማ በዚህ ዕድሜያቸው ለፈጣሪያቸው ተነሥተው እኔ እተኛለሁ ብዬ አፍሬ እነሣለሁ። ደረጃው ላይ ጠየቅሁዎት እኮ፣ እርስዎ ነዎት ወይ ብዬ። ላመሰግንዎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭጭ አሉ!»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አስቸግሬሽ ነበር፣ ልጄ።»

«ኧረ በአላህ! ነገ ካልቀሰቀሱኝ እኔ ነኝ የምቀሰቅስዎት። መጥረጊያ አለኝ!» ብላ እጇን ወደ ላይ ጣሪያ እንደሚመታ ሰው አደረገች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እናቴም ሳቀች።

አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ከቀመሪያ ጋር እንኳን ቆሜ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፤ ስንት ዓመት አብረን ኖረን እንዲህ ስናወራ የመጀመሪያችን ነው። ማታ እናቴን ደግፌ ስንወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብላ ተነፈሰች። የቀመሪያን በር አይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ደግ ልጅ ናት። ሌላ ምን ትበል? በዓመት በዓል፣ ሰው ፊት፣ አዎ በጠበጡኝ ትበለኝ?»

እግሬ ደረጃው ላይ ተተከለ። «እማዬ፣ ከልቧ ነው!»

«አንቺ በእሷ ቦታ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

እኔም ቃል በቃል ያንኑ ነበር የምለው። ሰው አጥንቴን ቢሰብረኝ «ምንም አልሆንኩም» ማለት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ቀመሪያንም ይህንኑ ያስተማረች እናት አለቻት። ታዲያ እውነትን በምን እንለየዋለን? እናቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አኖረችው። ሀብተ ማርያም ደውሎ ጠዋት እንደሚመጣ፣ ቆፋሪዎቹንም እንዳነጋገረ ነገረኝ። «እሺ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አልተኛሁም። ሊነጋጋ ሲል ከልደታ የኪዳኑ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ አዛኑ ተነሣ። ከእናቴ ክፍል ግን ኮሽ የሚል የለም። ተነሥቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እግሮቿ ባዷቸውን ናቸው። ወለሉን እንኳን እንዳይነኩ ትንሽ ከፍ አድርጋ ይዛቸዋለች። ያንን ሁሉ የመረጥኩለት እግር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አዛኑ አለቀ።

ከታች፣ ልክ ከአልጋዋ ሥር፣ ቋ አለ። ቋ፣ ቋ።

የእናቴ ከንፈር ቆመ። ወለሉን አየች። ጥቂት ጸጥ አለና እንደገና፣ አሁን ጠንከር ብሎ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እሷ ናት?»

«በመጥረጊያዋ ነው።»

እናቴ ጆሮዋን ወደ ወለሉ ዘንበል አደረገች። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁት። «ለይሉኝታ ብሎ በዚህ ሰዓት ጣሪያ የሚመታ ሰው የለም» አለች። «ጫማዬን አምጪልኝ። ምርኩዜንም።»

አመጣሁላት። ጫማውን አደረግሁላት። ተነሥታ ምርኩዟን አንዴ ወለሉ ላይ አሳረፈችው፣ እንደ ሰላምታ፤ ከዚያ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ውዳሴዋን እየደገመች መራመድ ጀመረች። ቤቱ ሁሉ ይንኳኳል። ከታች ውሃ ሲንፏፏ ሰማን፤ ቀመሪያ ለስግደቷ ልትታጠብ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሙሌ ከመኝታ ቤት በእንቅልፍ ድምፅ።

«እማዬ ናት። ተኛ።»

ለሀብተ ማርያም መደወል ነበረብኝ፣ እንዳይመጣ፣ ቆፋሪዎቹንም እንዲመልሳቸው። ሻንጣውን መፍታት ነበረብኝ። ቁርስ መሥራት ነበረብኝ። ሁሉም ይቆይ አልኩና እደጃፏ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እውነትም ይሞቃል።